ኮከባችን አልገጠመም ወይስ ጠባያችን?

የስብዕና ዓይነት ፈተናዎች ስለ ትዳራችንና ስለ ልጆቻችን ምን ይነግሩናል? ምንስ አይነግሩንም?

«ኮከባችን አልገጠመም።» ትዳር ሲፈርስ፣ ጓደኝነት ሲሻክር፣ አማትና ምራት አንድ ማዕድ መቅረብ ሲያቅታቸው ከምንሰማቸው ምክንያቶች ይህን ያህል አጭርና ጨዋ የለም። ማንንም አይከስም፣ ማንንም አያሳፍርም። እሱም ጥሩ ሰው ነው፣ እሷም ጥሩ ሰው ናት፤ ያልተስማማው ኮከባቸው ብቻ ነው። ድሮ የወንዱና የሴቷ ስም ከእናቶቻቸው ስም ጋር ተደምሮ፣ የየፊደሉ ቁጥር ተሰልቶ፣ ጥንዶቹ ይስማሙ እንደሆነ በአውደ ነገሥት ይታይ ነበር። ዛሬ ደግሞ ወጣቶች በስልካቸው ላይ ጥቂት ደርዘን ጥያቄዎችን መልሰው በአራት ፊደላት የተጻፈ የስብዕና ዓይነት ይሰጣቸዋል። በደቡብ ኮሪያ ወጣቶች ገና ሲተዋወቁ ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ የሚጠያየቁት ይህንኑ ነው። እኛም ዘንድ ቢሆን «እኔ እኮ ኢንትሮቨርት ነኝ» ማለት የተለመደ ሆኗል።

ዘዴው ተለወጠ እንጂ ጥያቄው ያው ነው፦ እኔና አንተ፣ እኔና አንቺ እንገጥማለን? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ለመጋባትም ሆነ ለመለያየት ምክንያት ሲሆን እናያለን። ስለዚህ እነዚህ የስብዕና ዓይነቶች ከየት እንደመጡ፣ የትኛው ክፍላቸው እንደሚጠቅምና የትኛው እንደሚያሳስት ማወቁ ለማንኛውም ቤተሰብ ይበጃል።

እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃ፣ መሬት

ሰውን በዓይነት መክፈል አዲስ ነገር አይደለም። የጥንት ግሪኮች ዓለም ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት እንደተሠራች ያስቡ ነበር። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም የሰው ሥጋ ከእነዚሁ አራት ባሕርያት እንደተፈጠረ ይነገራል፤ በአውደ ነገሥትም አሥራ ሁለቱ ኮከቦች በእነዚሁ ይመደባሉ። «የእሱ ኮከብ እሳት፣ የእሷ ውሃ» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው።

የሂፖክራተስ ተከታዮች ይህንኑ አራትዮሽ ወደ ሰውነት አስገቡት፦ ደም፣ ቢጫ ሐሞት፣ ጥቁር ሐሞትና አክታ። ጋለን የተባለው ሐኪም ደግሞ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእነዚህ ፈሳሾች ሚዛን የሰውን ጠባይ ይወስናል ብሎ አስተማረ። ደሙ ያየለበት ሳንግዊን ተጫዋችና ቶሎ ተግባቢ ነው። ቢጫ ሐሞት ያየለበት ኮለሪክ ቆራጥና ግልፍተኛ ነው። ጥቁር ሐሞት ያየለበት ሜላንኮሊክ ጥንቁቅ፣ አሳቢና ቶሎ የሚያዝን ነው። አክታ ያየለበት ፍሌግማቲክ ደግሞ እርጋታን የሚወድ፣ ግርግር የማይነካው ነው።

የፈሳሾቹ ነገር በሕክምና ከተጣለ ረጅም ዘመን ሆኖታል። ስሞቹ ግን አልሞቱም። ለተጋቢዎች በሚሰጡ የምክር ትምህርቶች ላይ እነዚህን አራት ቃላት ሰምቶ «የእኔው ባል ኮለሪክ ነው ለካ!» ብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ጥቂት አይደለም።

አማቷ ያልገባት ሙሽራ

የዛሬዎቹ ፊደላት ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ቤተሰብ ነው። ካትሪን ብሪግስ የምትባል አሜሪካዊት እናት አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ኢዛቤል ትባላለች። ኢዛቤል ስዋርትሞር በሚባል ኮሌጅ ስትማር ከክላረንስ ማየርስ ጋር ተዋወቀችና በዓል ለማሳለፍ ወደ ቤት ይዛው መጣች። ቤተሰቡ በሐሳብ የሚጫወት፣ መጻሕፍትን የሚወድ፣ ስለሚሆነው ሳይሆን ስለሚቻለው ማውራት የሚያስደስተው ነበር። ክላረንስ ደግሞ የሕግ ሰው ነው፤ ለተጨባጭ ነገርና ለዝርዝር የቆመ፣ ሥርዓት ያለው ወጣት። ካትሪን ሙሽራውን ወደደችው፤ ነገር ግን አልገባትም። እንደ ብዙ አማቶች ልጇ ላይ ጫና ከማድረግ ይልቅ ሰዎች እንዴት እንደሚለያዩ ለማጥናት ተቀመጠች። ኢዛቤልና ክላረንስ እ.ኤ.አ. በ1918 ተጋቡ።

ካትሪን የራሷን አመዳደብ በመሥራት ላይ ሳለች የስዊዘርላንዱ ሐኪም ካርል ዩንግ በ1921 ያወጣው ስለ ሥነ ልቦና ዓይነቶች የሚያትት መጽሐፍ በ1923 በእንግሊዝኛ ታተመ። ኃይሉን ከሰው ጋር በመሆን የሚያገኘውን «ኤክስትሮቨርት»፣ ለብቻው በመሆን የሚያገኘውን «ኢንትሮቨርት» ብለን የምንለየው ከዩንግ ወዲህ ነው። ካትሪን የእሱ ሐሳብ ከእሷ የተሻለ መሆኑን አምና የራሷን ወደ ጎን አደረገች።

ሐሳቡን ወደ ፈተና የለወጠችው ግን ልጅቷ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ ሲገቡ፣ ኢዛቤል እያንዳንዱ ሰው ለጠባዩ የሚስማማውን ሥራ ቢያገኝ ብላ መጠይቅ ማዘጋጀት ጀመረች። የሥነ ልቦና ትምህርት አልነበራትም፤ የተመረቀችው በፖለቲካ ሳይንስ ነው። መጠይቁ ዛሬ «ማየርስ ብሪግስ» ወይም በምህጻሩ ኤም.ቢ.ቲ.አይ. ይባላል። አራት ጥያቄዎች፣ ለእያንዳንዱ ሁለት መልስ፤ ሲባዛ አሥራ ስድስት ዓይነት ሰው ይወጣል።

አራቱ መስመሮች በቤታችን

አራቱ ጥያቄዎች በየሳሎናችን በየቀኑ የሚነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ኃይላችንን ከየት እናገኛለን? ባል ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሲነጋገር ውሎ፣ ታክሲ ተሰልፎ ቤት ሲገባ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ ይፈልጋል። ሚስት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመችውን የምታካፍለው ሰው ስትጠብቅ ውላለች። የእሱ ዝምታ ለእሷ ኩርፊያ ይመስላታል፤ የእሷ ጨዋታ ለእሱ ሌላ ሥራ ይሆንበታል። በብዙ ቤት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዝምታ የምትፈልገው እሷ ናት።

ሁለተኛው፣ ለተጨባጩ ነው ወይስ ለሚሆነው የምናደላው? አንዱ ቤት ስለመሥራት ሲያወራ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ይዘረዝራል። ሌላው ግን ገና መሬቱ ሳይገኝ በረንዳው ላይ ቡና ሲጠጣ ይታየዋል። አንዱ ሌላውን ሕልመኛ፣ ሌላውም አንዱን ተስፋ አስቆራጭ ይለዋል።

ሦስተኛው፣ ስንወስን ምን እናስቀድማለን? የእህት ልጅ ለትምህርት ቤት ክፍያ ገንዘብ ስትጠይቅ አንዱ «በጀታችን ይፈቅዳል?» ይላል። ሌላው «እምቢ ብንላት ምን ይሰማታል?» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ችግሩ አንዱ ሌላውን ልበ ደንዳና፣ ሌላውም አንዱን ሆደ ቡቡ አድርጎ ማየቱ ነው።

አራተኛው፣ ሕይወታችንን እንዴት እናስኬዳለን? ሠርግ ለስድስት ሰዓት ሲጠሩ አንዷ ልብሱን ማታ ተኩሳ፣ ልጆቹን አልብሳ አምስት ሰዓት ላይ በር ላይ ትቆማለች። ሌላው ግን «ሐበሻ መቼ በሰዓቱ ጀምሮ ያውቃል?» ብሎ ገና ሻወር ይገባል። በየሳምንቱ የሚደጋገመው የቅዳሜ ጠዋት ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የዘለለ ምክንያት የለውም።

የዚህ አመዳደብ ትልቁ ውለታ እዚህ ላይ ነው። «ስለማይወደኝ ነው» የምንለውን «ከእኔ ስለሚለይ ነው» ወደሚል ይለውጥልናል። ይህ ትንሽ ለውጥ ብዙ ጥርጣሬ ያረግባል።

«ግማሽህን ፈልግ»

አንዳንዶች ከዚህም ርቀው ሄደዋል። በ1970ዎቹ ዓመታት አውሽራ አውጉስቲናቪቹቴ የተባለች የሊትዌኒያ ምሁር የዩንግን ሐሳብ ይዛ «ሶሲዮኒክስ» የተባለ ትምህርት አቋቋመች። በእሷ አመዳደብም አሥራ ስድስት ዓይነት ሰዎች አሉ፤ ልዩ የሚያደርገው ግን የትኛው ዓይነት ከየትኛው ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚፈጠር የሚዘረዝር ሰንጠረዥ ማዘጋጀቷ ነው። አንዱ የጎደለውን ሌላው የሚሞላበት ጥምረት አለ፤ ሁለት ግማሾች አንድ ሙሉ የሚሆኑበት። አንዱ ሌላውን የሚቆጣጠርበትም አለ፤ እንዲሁ ያለ ምክንያት የሚጋጩበትም አለ። ትምህርቱ በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አገሮች ብዙ ተከታይ አግኝቷል።

በእኛም ቋንቋ ሁለቱም ሐሳብ አለ። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ስንል ተመሳሳዮች እንደሚጋቡ እናምናለን። «እሱ ዝምተኛ፣ እሷ ተጫዋች፤ እንዴት ያምርባቸዋል!» ስንል ደግሞ ተቃራኒዎች እንደሚስማሙ። ታዲያ እውነቱ የቱ ነው?

ጥናት ምን አገኘ?

በመጀመሪያ ስለ ፈተናዎቹ ራሳቸው። በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር 39 ተማሪዎቹን የስብዕና ፈተና ካስወሰደ በኋላ ለእያንዳንዳቸው «የአንተ ውጤት» ብሎ ወረቀት ሰጣቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ እንዲሰጡ ሲጠይቃቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። ለካስ ለሁሉም የሰጠው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ ያውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የለቀመው። «አንዳንድ ጊዜ ተግባቢ ነህ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቁጥብ» የሚል አባባል የማይገልጸው ሰው የለምና። ስለዚህ ውጤቱን አንብበው «ልክ እኔን!» ቢሉ፣ ያ ብቻውን ፈተናው ትክክል ስለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው ችግር መክፈሉ ላይ ነው። ቁመትን ያስቡ። ሰውን ሁሉ «ረጅም» እና «አጭር» ብለን ለሁለት ብንከፍል፣ አብዛኛው ሰው መሐል ላይ ስለሆነ በአንድ ሴንቲ ሜትር ልዩነት ወዲያና ወዲህ ይመደባል። ጠባይም እንደዚሁ ነው። አብዛኞቻችን ፍጹም ዝምተኞችም ፍጹም ተጫዋቾችም አይደለንም። በዚህ ምክንያት የማየርስ ብሪግስን መጠይቅ ከአምስት ሳምንት በኋላ ደግመው የሞሉ ሰዎች፣ በአንዳንድ ጥናቶች ግማሽ ያህሉ፣ ቢያንስ አንድ ፊደላቸው ተለውጦ ተገኝቷል። ዩንግ ራሱ ንጹሕ ኢንትሮቨርት ወይም ንጹሕ ኤክስትሮቨርት የሚባል ሰው እንደሌለ አስጠንቅቆ ነበር።

ዛሬ የዘርፉ ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙት ሰውን በዓይነት የሚከፍል ሳይሆን በአምስት መስመሮች ላይ የሚለካ ዘዴ ነው፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ኃላፊነትን መወጣት፣ ተግባቢነት፣ ለሰው ማዘንና መተባበር፣ እንዲሁም ስሜት ቶሎ የመረበሽ ዝንባሌ። በእነዚህ መስመሮች ላይ እያንዳንዱ ሰው ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ አንድ ቦታ ያገኛል እንጂ አጥር ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ መመሳሰል ትዳርን ያሰምራል? በ2010 የታተመ አንድ ጥናት በአውስትራሊያ፣ በብሪታንያና በጀርመን ከ20 ሺህ በላይ ባለትዳሮችን መርምሯል። ሰዎች በትዳራቸው ካላቸው እርካታ ልዩነት ውስጥ የራሳቸው ጠባይ 6 በመቶ ያህሉን ያብራራል። የትዳር አጋር ጠባይ ከ1 እስከ 3 በመቶ። የሁለቱ መመሳሰል ግን ከግማሽ በመቶ በታች ነው።

ይህን ቁጥር ቆም ብለን እናስበው። «እንገጥማለን ወይ?» ብለን የምንጨነቅበት ነገር የሚያመጣው ለውጥ ከምንም አይቆጠርም ማለት ይቻላል። ከመግጠም ይልቅ ሚዛን የሚደፋው እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ይዞት የሚገባው ጠባይ ነው፤ ከአጋር ጠባይ ደግሞ ሆደ ሰፊነት፣ ኃላፊነትን መወጣትና ቶሎ አለመረበሽ ይበልጥ ይጠቅማሉ። ከአራት ፊደላት ይልቅ አባቶቻችን «አመል ያወጣል ከመሐል» ያሉት ወደ እውነቱ ሳይቀርብ አይቀርም።

የማያልቀው ጭቅጭቅ

ጠባይ የተለያየ ከሆነ ግጭት አይቀርም። ባለትዳሮችን ለብዙ ዓመታት ያጠናው አሜሪካዊው ጆን ጎትማን እንደሚለው በትዳር ውስጥ ከሚነሱ አለመግባባቶች 69 በመቶ ያህሉ መፍትሔ የሚያገኙ ሳይሆኑ ዘላቂ ናቸው፤ ምንጫቸውም የጠባይና የፍላጎት ልዩነት ነው። ይህ ደስተኛ ባለትዳሮችንም ይጨምራል። ቆጣቢውና ቸሩ፣ ቀድሞ ደራሹና ዘግይቶ ደራሹ፣ ዘመድ ወዳዱና ብቻውን ወዳዱ በሃያ ዓመታቸውም ስለዚያው ጉዳይ ይነጋገራሉ። ልዩነቱ አነጋገራቸው ላይ ነው። አንዳንዶቹ እየሳቁ ይደራደራሉ፤ ሌሎቹ እየተናናቁ ይካሰሳሉ።

ስለዚህ ሌላ ሰው ቢያገቡ ችግሩ ይጠፋ ነበር ማለት አይደለም፤ ሌላ የማያልቅ ችግር ያገኙ ነበር። የዝምተኛ ሚስት ባል የተጫዋቿን ይመኛል፤ የተጫዋቿ ባል ደግሞ የጸጥታ ያለህ ይላል።

ልጆችን ስንሰይም

ዓይነት መስጠት ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው በልጆች ላይ ሲሆን ነው። አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከ1956 ጀምሮ በኒውዮርክ ሕፃናትን ከጨቅላነት እስከ ጉልምስና ተከታትለዋል። 40 በመቶ ያህሉ ቶሎ የሚለምዱና ደስተኞች ነበሩ። 15 በመቶ ያህሉ አዲስ ነገር ሲያዩ ወደ ኋላ ብለው ቀስ እያሉ የሚላመዱ፣ 10 በመቶ ያህሉ ደግሞ እንቅልፍና ምግባቸው ሥርዓት ያጣ፣ ብዙ የሚያለቅሱ ነበሩ። የቀሩት 35 በመቶ ግን በየትኛውም ምድብ አልገቡም። በጥንቃቄ የተሠራ ምድብ እንኳ ከሦስት ልጆች አንዱን ቦታ አላገኘለትም።

የእነዚህ ባልና ሚስት ዋነኛ ትምህርት ግን ቁጥሩ አይደለም። መጥፎ የሚባል የልጅ ጠባይ የለም፤ ወሳኙ የልጁ ጠባይና ወላጅ የሚጠብቅበት ነገር መስማማቱ ነው አሉ። ቀስ ብሎ የሚላመድ ልጅ ያለዎት ከሆነ ይህን ያውቁታል። እንግዳ ሲመጣ «ና ሳም! ምን ሆንክ? ዓይን አፋር!» እየተባለ የሚገፋ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ይብስበታል። ጥቂት ደቂቃ እናቱ አጠገብ ተቀምጦ እንግዳውን እንዲያይ የተፈቀደለት ግን ብዙ ጊዜ ራሱ ተነሥቶ ይመጣል። ሰላምታ መስጠቱ አልቀረም፤ የተለወጠው ጊዜው ብቻ ነው።

ጠባዩ ከወላጁ የሚለይ ልጅ ላይ ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ ያሻል። ነገር በጊዜው እንዲያልቅ የምትፈልግ እናት ሐሳቡ በሚቅበዘበዝ ልጇ ላይ «ሰነፍ» የሚል ስም ስታወጣ፣ ልጁ ስሙን ተቀብሎ ያድጋል። «አንተ እንደ ወንድምህ አይደለህም» የሚለውን ቃል በአርባ ዓመቱም የማይረሳ ሰው አለ።

እንዴት እንጠቀምበት?

ታዲያ ፈተናዎቹን እንጣላቸው? አያስፈልግም። ጨዋታ አድርገን ብንይዛቸው ጥሩ የወሬ መክፈቻ ናቸው። አንድ እሑድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ሁለታችሁም መጠይቁን ሙሉ፤ ከዚያም ውጤቱን ትታችሁ በጥያቄዎቹ ላይ ተነጋገሩ። «ለዚህኛው እንዴት አዎ አልሽ?» የሚለው ጥያቄ ከፊደላቱ የበለጠ ያስተዋውቃል። ይበልጥ ደግሞ አንዱ በሌላው ፈንታ ሆኖ ይሙላው፤ ምን ያህል እንደምትተዋወቁ ያኔ ይታያል።

ልዩነታችሁን ስታውቁ ስምምነት አድርጉበት። ዝምታ የሚፈልገው ቤት ሲገባ ሠላሳ ደቂቃ ይሰጠው፤ እሱም በፈንታው ራት ላይ ስልኩን አስቀምጦ ያዳምጥ። ቀድማ የምትዘጋጀዋ መኪናው የሚነሣበትን ሰዓት ትናገር፤ የሚዘገየው ካልደረሰ በራይድ ይከተል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የማያልቀው ጭቅጭቅ የሚቻለው በእንዲህ ያለ ውል ነው።

ሦስት ነገሮችን ግን አደራ። «ጠባዬ ነው» የሚለውን መልስ ለይቅርታ ምትክ አታድርጉት፤ ኮለሪክ መሆን ለመሳደብ ፈቃድ አይሰጥም። መማታት፣ ማስፈራራት፣ ገንዘብ መከልከልና ከቤተሰብ መነጠል የጠባይ ዓይነት አይደሉም። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ያለ ሰው የሚያስፈልገው የስብዕና ፈተና ሳይሆን እርዳታ ነው። በመጨረሻም ልታገቡ ያሰባችሁትን ሰው ወይም ልትቀጥሩ የፈለጋችሁትን ሠራተኛ በአራት ፊደል አትሰርዙት። በተናደደ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ፣ ሲሳሳት ይቅርታ መጠየቅ እንደሚችል፣ አስተናጋጇን እንዴት እንደሚያናግር ተመልከቱ። ይህን በስልክ ላይ የሚገኝ መጠይቅ አይነግራችሁም፤ አብሮ መዋልን ይጠይቃል።